የመጀመሪያውን የዴስክቶፕ አፕሊኬሽን መጻፍ፦ ከባዶ ፋይል እስከ ሰው እጅ

ፕሮግራሚንግ የሚጀምሩ ብዙ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ፕሪንት፣ ኢፍ፣ ፎር ሉፕ ተምረዋል። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥር ይደምራሉ፤ ስም ጠይቀው ሰላምታ ይሰጣሉ። ከዚያ «እሺ፣ መስኮትና በተን ያለው እውነተኛ ፕሮግራም እንዴት ነው የሚሠራው?» ብለው ይነሳሉ። ከኢንተርኔት አንድ ምሳሌ ይገለብጣሉ፤ ይሠራል። አንድ መስመር ሲነኩ ይበላሻል። ለምን እንደተበላሸ ስለማይገባቸው እዚያው ይተዉታል።

እኔም እዚያ ቦታ ላይ ወራት ቆሜያለሁ። ያኔ ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር። የዴስክቶፕ አፕሊኬሽን የሚጠብቅ ፕሮግራም ነው። ይከፈታል፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ሰው ሲነካው ይነሳል፣ ሥራውን ሠርቶ ተመልሶ ይጠብቃል። ከላይ ወደ ታች ሮጦ የሚጨርስ ፕሮግራም ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። እሱ ከገባችሁ ሌላው ልምምድ ነው።

በዚህ መመሪያ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን፦ የውሰት መዝገብ። መጽሐፍ፣ ቻርጀር፣ መሣሪያ ለሰው ታውሳላችሁ፤ ለማን እንደሰጣችሁ ይጠፋችኋል። ፕሮግራሙ ማን፣ ምን፣ ለስንት ቀን እንደወሰደ ይይዛል። ኮዱን ዘርዝሬ እንድትገለብጡት አላደርግም። እያንዳንዱ ደረጃ ምን እንደሚሠራና የት እንደሚያደናቅፍ እነግራችኋለሁ። ትእዛዙን ከፓይተን የራሱ ዶክመንቴሽን አይታችሁ በእጃችሁ ትጽፉታላችሁ። ቀስ ያለ መንገድ ነው፤ ግን የተገለበጠ ኮድ ጭንቅላት ውስጥ አይቀርም።

1. ቋንቋ ምረጡና ጉዳዩን ዝጉት

መንገዱ ብዙ ነው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ ነገር ከፈለጋችሁ ሲ ሻርፕ ከዊንዶውስ ፎርምስ ጋር እስከ ዛሬ ጥሩ ነው፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ በተኑን በማውስ ጎትታችሁ መስኮቱ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ጃቫ ስዊንግና ጃቫ ኤፍኤክስ አለው። ድረ ገጽ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ኤሌክትሮን በዚያው እውቀት የዴስክቶፕ አፕሊኬሽን ያሠራችኋል፤ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተሠራው በእሱ ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ፕሮግራሙ ትንሽ ቢሆንም አንድ ሙሉ ብራውዘር አብሮት ይጓዛል። ኪውት የሚባለው የመስኮት መሥሪያ ለትልልቅ ሥራ ጠንካራ ነው፤ ለመጀመሪያ ሳምንት ግን ይበዛል።

ለጀማሪ የእኔ ምርጫ ፓይተን ከቲኬ ኢንተር ጋር ነው። ፓይተንን ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ነው ለሕዝብ ያወጣው። ሲያነቡት አይከብድም፤ ይህ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ቲኬ ኢንተር ደግሞ የመስኮት መሥሪያው ነው። ዊንዶውስ ላይ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። መልኩ ያረጀ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ግን መስኮት፣ በተን፣ መጻፊያ ሳጥን፣ መጠበቅ የሚሉት ሐሳቦች በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸው። በቲኬ ኢንተር የገባው ሰው ወደ ሲ ሻርፕ ወይም ወደ ኪውት ሲሻገር ብዙውን ጊዜ አዲስ የሚሆንበት ስሙ ነው።

እባካችሁ ቋንቋ በማወዳደር ጊዜ አታጥፉ። አንዱን ያዙና ይህን ፕሮግራም እስክትጨርሱ አትልቀቁት።

2. ኮምፒውተሩን አዘጋጁ

ፓይተንን ከራሱ ገጽ፣ ከፓይተን ዶት ኦርግ አውርዱ። ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ፓይተንን ወደ ፓዝ (ኮምፒውተሩ ፕሮግራሞችን ወደሚፈልግባቸው የፎልደሮች ዝርዝር) ልጨምር ወይ የምትል ትንሽ ሳጥን ካያችሁ ቲክ አድርጓት። ካለፋችኋት ኮማንድ ፕሮምፕቱ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ ስክሪን) በኋላ ፓይተን የሚባል ነገር አላውቅም ይላችኋል።

ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። ፓይተን ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ ሰረዝና ኤም፣ እንደገና ክፍተት፣ ቲኬ ኢንተር ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉና (python -m tkinter) እንተር ተጫኑ። የቬርዥን ቁጥርና ሁለት በተን ያላት ትንሽ መስኮት ከመጣች ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው። ሊኑክስ ላይ ካልመጣች አትደንግጡ፤ በብዙዎቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ቲኬ ኢንተር ለብቻው የሚጫን ፓኬጅ ነው።

ኮዱን የምትጽፉበት አይድል የሚባለው አብሮ የሚመጣው ኤዲተር ለመጀመሪያ ይበቃል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የለመዳችሁ በእሱ ቀጥሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ፋይሉ ስም። የመጀመሪያውን ሙከራ ብዙ ሰው ቲኬ ኢንተር ብሎ ሴቭ ያደርገዋል። ፓይተን ቲኬ ኢንተርን ኢምፖርት አድርግ ሲባል መጀመሪያ የሚፈልገው ፋይላችሁ ያለበት ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ የእናንተን ፋይል ያገኝና እሱን ያመጣል። የሚመጣው ኢረር ግን፣ በተለይ በቆዩ የፓይተን ቬርዥኖች፣ ስለ ፋይል ስም ምንም ላይናገር ይችላል። እኔ በዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምሽት አጥፍቻለሁ። ፋይላችሁን ሌላ ስም ስጡት።

3. መጀመሪያ ያለ መስኮት ሥሩት

ከመስኮቱ በፊት የሚያስፈልጓችሁ ስድስት ነገሮች ናቸው፦ ቫሪያብል፣ ኢፍ፣ ሉፕ፣ ሊስት፣ ዲክሽነሪ እና ፈንክሽን። በቀን አንድ ሰዓት ከሰጣችሁት ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይበቃል። ክላስ የሚባለውን ለጊዜው ተዉት። ሲያስፈልጋችሁ ራሱ ይጠራችኋል።

ከዚያ የውሰት መዝገቡን በጥቁሩ ስክሪን ላይ ጻፉት። የሰው ስም ይጠይቅ፣ የዕቃ ስም ይጠይቅ፣ የቀን ብዛት ይጠይቅ፣ ሊስት ውስጥ ይጨምር፣ ዝርዝሩን ያሳይ። እያንዳንዱ ውሰት አንድ ዲክሽነሪ ይሁን፤ ሁሉም በአንድ ሊስት ውስጥ ይቀመጡ።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ አሁኑኑ ያዙ። መዝገብ ላይ የሚጨምረው፣ የሚያጠፋውና የዘገየውን ለይቶ የሚያወጣው ሥራ እያንዳንዱ የራሱ ፈንክሽን ይኑረው። እነዚህ ፈንክሽኖች ውስጥ ፕሪንት ወይም ኢንፑት የሚል ቃል አይግባ። መረጃ ይቀበሉ፣ ውጤት ይመልሱ፤ በቃ። መጠየቅና ማሳየት የሌላ ክፍል ሥራ ነው። መስኮቱን ስንሠራ እነዚህን ፈንክሽኖች ሳንነካ እንዳሉ እናነሳቸዋለን። ጥቁሩ ስክሪን ይሄዳል፣ መስኮቱ በቦታው ይተካል፣ ሥራው ግን ያው ነው።

ለእያንዳንዱ ውሰት የማይደገም መለያ ቁጥርም ስጡት። ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ።

4. መስኮቱን ወረቀት ላይ ሳሉት

አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ሦስት መጻፊያ ሳጥን፣ ከጎናቸው መግለጫ፣ «መዝግብ» የሚል በተን፣ ከሥር ሰፊ ዝርዝር፣ ከግርጌው «ተመልሷል» የሚል በተን። ረድፍና ዓምድ እንዲኖረው አድርጋችሁ በእስኪሪብቶ አስምሩት። ይህችን ወረቀት ቀጥታ ወደ ኮድ እንቀይራታለን።

5. የሚጠብቀው መስኮት

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በጥቁሩ ስክሪን ላይ አለቃው ፕሮግራሙ ነው። ስም ሲጠይቃችሁ ስም ትመልሳላችሁ። የቀኑን ብዛት አስቀድሜ ልጻፍ ብትሉ አይሰማችሁም፤ ተራው አልደረሰም። ከማውስና ከመስኮት ጋር ይህ ተገለበጠ። ዜሮክስ እ.ኤ.አ. በ1973 በሠራው አልቶ በሚባለው ኮምፒውተር ላይ የተጀመረው፣ አፕል በ1984 በማኪንቶሽ ወደ ብዙ ሰው ያደረሰው አሠራር አለቃውን ሰው አደረገው። ተጠቃሚው ቀኑን አስቀድሞ ይጻፍ፣ ምንም ሳይጽፍ «መዝግብ»ን ይጫን፣ መሐል ላይ መስኮቱን ይዝጋ፤ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ስለዚህ ይጠብቃል።

ቲኬ ኢንተር ላይ ይህን የሚያደርገው ሜይን ሉፕ የሚባል ትእዛዝ ነው። የመጀመሪያው የመስኮት ፕሮግራማችሁ አራት መስመር ብቻ ነው። ቲኬ ኢንተርን ኢምፖርት ታደርጋላችሁ፤ ዋናውን መስኮት ትፈጥራላችሁ፤ ርዕስ ትሰጡታላችሁ፤ ሜይን ሉፕን ትጠራላችሁ። ራን አድርጉት። ባዶ መስኮት ይመጣል። ባዶ ቢሆንም ሥራ ላይ ነው፤ ማውሱ ሲንቀሳቀስ፣ ኪቦርድ ሲነካ፣ መስኮቱ ሲጎተት ሁሉንም እያየ ነው።

አሁን ሁለት ሙከራ ሥሩ። የመጀመሪያው፦ ሜይን ሉፕ የሚለውን መስመር አጥፉና ፋይሉን ከኮማንድ ፕሮምፕት አስነሱት። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ምናልባትም ጭራሽ አታዩትም። ፕሮግራሙ እስከ መጨረሻው መስመር ሮጦ ሞተ፤ እንዲጠብቅ የነገረው የለም። ሁለተኛው፦ ሜይን ሉፕን መልሱና ከእሱ በታች «ጨረስኩ» የሚል ፕሪንት ጨምሩ። ራን ስታደርጉት ጽሑፉ አይመጣም። መስኮቱን ዝጉት፤ አሁን መጣ። ከሜይን ሉፕ በታች የተጻፈ ነገር የሚሠራው መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ በተኖቻችሁና ሳጥኖቻችሁ በሙሉ ከሜይን ሉፕ በላይ መፈጠር አለባቸው።

እነዚህን ሁለት ሙከራዎች በእጃችሁ ካልሠራችሁ ወደሚቀጥለው አትለፉ። እለምናችኋለሁ። ጀማሪ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አብዛኛው መልሱ እዚህ ነው።

6. ዕቃዎቹን መስኮቱ ላይ አስቀምጡ

ሌብል መግለጫ ነው፣ ኢንትሪ መጻፊያ ሳጥን ነው፣ በተን በተን ነው። መፍጠር ብቻውን ግን አያሳያቸውም፤ ማስቀመጥም አለባችሁ። ለማስቀመጥ ፓክ፣ ግሪድና ፕሌስ የሚባሉ ሦስት መንገዶች አሉ። ግሪድን ተጠቀሙ። ወረቀታችሁ ላይ ያሰመራችሁት ረድፍና ዓምድ ቀጥታ ይገባበታል። ቆጠራው ከ0 ይጀምራል። በአንድ መስኮት ወይም በአንድ ፍሬም (ዕቃዎችን በሚይዝ ክፍል) ውስጥ ፓክንና ግሪድን አትቀላቅሉ፤ አንድ ላይ አይሠሩም።

እዚህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። መስመር ለመቆጠብ ሳጥኑን በአንድ መስመር ፈጥረው፣ እዚያው ግሪድ ብለው አስቀምጠው፣ ሁሉንም በአንድ ቫሪያብል ይይዙታል። ሳጥኑ መስኮቱ ላይ በትክክል ይታያል። ከሳጥኑ ውስጥ ጽሑፍ ለማውጣት ሲሞክሩ ግን ነን ታይፕ የሚል ኢረር ይመጣል። ምክንያቱ ግሪድ የሚመልሰው ነገር የለውም። ቫሪያብሉ ሳጥኑን ሳይሆን ባዶውን መልስ ነው የያዘው። በአንድ መስመር ፍጠሩ፤ በሚቀጥለው መስመር አስቀምጡ።

ለዝርዝሩ ሊስት ቦክስ ይበቃል። ስም፣ ዕቃና ቀን በየዓምዱ ተለይቶ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ትሪ ቪው የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ያምራል።

7. በተኑ ሥራ ይስጥ

በተን ሲፈጠር ሲነካ የቱ ፈንክሽን እንደሚሠራ ይነገረዋል። ይህ የሚጻፈው ኮማንድ በሚባለው ቦታ ነው። የፈንክሽኑን ስም ያለ ቅንፍ ጻፉ። ቅንፍ ያለውና ቅንፍ የሌለው ልዩነታቸው ትልቅ ነው። ቅንፍ ካለ «አሁኑኑ ሥራው» ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት ፈንክሽኑ ይሠራል፣ በኋላ በተኑን ብትነኩት ምንም አይሆንም። ያለ ቅንፍ ከሆነ «ስሙን ያዝ፤ ስነካህ ትጠራዋለህ» ማለት ነው። በተናችሁ ሳትነኩት የሚሠራ፣ ስትነኩት ደግሞ ዝም የሚል ከሆነ ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ቅንፉን እዩ።

«መዝግብ» ሲነካ የሚሠራው ፈንክሽን ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ከሦስቱ ሳጥኖች ጽሑፉን ያወጣል፣ ትክክል መሆኑን ያያል፣ ያለ መስኮት የጻፋችሁትን የመጨመሪያ ፈንክሽን ይጠራል፣ ዝርዝሩን እንደገና ይሞላል፣ ሳጥኖቹን ባዶ ያደርጋል። ከዚያ ያበቃል፤ ፕሮግራሙም ወደ መጠበቁ ይመለሳል።

«ተመልሷል» የሚለው ላይ መለያ ቁጥሩ ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ሦስተኛ ላይ ያሳየው ውሰት ሊስታችሁ ውስጥ ሦስተኛ ላይሆን ይችላል፤ በቀን ደርድራችሁ ካሳያችሁት ብዙውን ጊዜ አይሆንም። በቦታው ቁጥር ካጠፋችሁ የሌላ ሰው ውሰት ይጠፋል። የተመረጠውን መለያ ቁጥር አግኙና በእሱ አጥፉ። ተጠቃሚው ምንም ሳይመርጥ በተኑን ቢጫን ምን እንደሚሆንም አስቡ።

8. ሳጥን የሚሰጠው ጽሑፍ ነው

ተጠቃሚው የቀን ሳጥን ላይ 14 ብሎ ጻፈ። ለእናንተ ቁጥር ነው፤ ለፓይተን ግን የ1 እና የ4 ምስል ነው። ከሳጥን የሚወጣ ነገር ሁሉ ጽሑፍ ነው። 5 እና 5 ከሁለት ሳጥን አውጥታችሁ ብትደምሩ መልሱ 55 ይሆናል። መመለሻ ቀኑን ለማወቅ ዛሬ ላይ 14 ቀን ስትጨምሩ ደግሞ ኢረር ይመጣል። ኢንት በሚባለው ፈንክሽን ወደ ቁጥር ቀይሩት።

ችግሩ ኢንት ራሱ «አሥራ አራት» ተብሎ ከተጻፈ ወይም ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ኢረር ያወጣል። ኢረር ሲመጣ ፕሮግራሙ ምን እንደሚያደርግ የሚነግሩትን ትራይና ኤክሴፕት የሚባሉትን እዚህ ተማሩ፤ የሚገቡበት ትክክለኛ ቦታ ነው። መቀየሩ ካልተሳካ ለተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። «ስህተት ተፈጥሯል» አትበሉት፤ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። «የቀኑን ብዛት በቁጥር ይጻፉ» በሉት። እንዲህ ያለ መልእክት መጻፍ ክብር መስጠት ነው፤ ፕሮግራማችሁን የሚጠቀመው ሰው ጥፋቱ የራሱ እንዳይመስለው።

9. ሲዘጋ እንዳይጠፋ

እስካሁን የተመዘገበው ሁሉ መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋል። ፋይል ላይ መጻፍ አለበት። ለመጀመሪያ ጄሶን የሚባለው መረጃን በጽሑፍ የማስቀመጫ ዘዴ ይበቃል፤ ሊስታችሁን እንዳለ ወደ ፋይል ይጽፋል፣ እንዳለ መልሶ ያነባል። ሴቭ የምታደርጉት መቼ ነው? በእያንዳንዱ ለውጥ። መስኮቱ ሲዘጋ ብቻ ሴቭ ካደረጋችሁ መብራት ሲጠፋ የቀኑ ሥራ አብሮ ይሄዳል።

አምስት ነገር ልብ በሉ፤ አምስቱንም በተግባር ታገኟቸዋላችሁ። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ፋይሉ የለም። ከሌለ በባዶ ሊስት ይጀምር። ሁለተኛ፣ ፋይል ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉ (ፊደል ወደ ፋይል የሚጻፍበት ዘዴ) ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ሁልጊዜ በግልጽ ጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ካልነገራችሁት ሌላ ኢንኮዲንግ ሊመርጥ ይችላል፤ ያኔ የአማርኛ ስም ሲመጣ ወይ ኢረር ነው ወይ የተመሰቃቀለ ፊደል። ሦስተኛ፣ ጄሶን ካልከለከላችሁት የአማርኛውን ፊደል በቁጥር ኮድ ቀይሮ ይጽፈዋል። መልሶ ሲያነበው ችግር የለም፤ ፋይሉን በዓይናችሁ ልታነቡት ስትፈልጉ ግን አይነበብም። ኢንሹር አስኪ የሚባለውን ፎልስ አድርጉት። አራተኛ፣ ጄሶን ቀንን እንደ ቀን አይቀበልም፤ ወደ ጽሑፍ ቀይሩለት። ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል፣ ለምሳሌ 2025-03-09 ብላችሁ ጻፉት። እንዲህ የተጻፈ ቀን እንደ ጽሑፍ ሲደረደርም በጊዜው ቅደም ተከተል ይመጣል።

አምስተኛው ፋይሉ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ፕሮግራሙ ያለበት ፎልደር ውስጥ አታስቀምጡት። በተጠቃሚው የራሱ ሆም ፎልደር ውስጥ ይሁን፤ ፓይተን ይህን ቦታ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚያገኝበት ፓዝ ሊብ የሚባል መሣሪያ አለው። ለምን እንዳልኳችሁ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ይገለጣል።

መዝገቡ ሺዎች ሲደርስ ወይም ፍለጋ ሲበዛ ወደ ኤስኪውላይት ተሻገሩ። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ዳታቤዝ ነው። ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሰርቨር አይፈልግም፤ ሙሉው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው።

10. ኢረርን ከታች ጀምራችሁ አንብቡ

ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ብዙ ጀማሪ ዓይኑን ይጨፍናል። አትጨፍኑ። የፓይተን ኢረር የሚነበበው ከመጨረሻው መስመር ነው። እዚያ ላይ ምን እንደተፈጠረ ተጽፏል። ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ የስንተኛ መስመር ችግር እንደሆነ አለ። ሁለቱን ብቻ አንብቡ፤ የላዩ በኋላ ይደርሳል። መስመሩ ላይ ችግር ካላያችሁ ከእሱ በፊት ያለውን መስመር ተመልከቱ፤ ያልተዘጋ ቅንፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።

ኤአይ ኮዱን ይጽፍልኝ ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይጽፍላችኋል። ግን አሁን የምትፈልጉት ችሎታ ነው። ስለዚህ «ጻፍልኝ» ከማለት «ይህ ኢረር ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ማብራሪያውን አንብቡ፣ መስኮቱን ዝጉ፣ ማስተካከያውን ራሳችሁ ጻፉ።

11. መስኮቱ ስታክ ሲያደርግ

አንድ ቀን ፕሮግራሙ ለትንሽ ጊዜ እንዲያርፍ ስሊፕ የሚባለውን ትእዛዝ ትጠቀማላችሁ። መስኮቱ ድርቅ ይላል፤ በተኑ አይነካም፤ ዊንዶውስ ምላሽ አይሰጥም ብሎ ይጽፍበታል። ወደ አምስተኛው ደረጃ ተመለሱ። ፕሮግራሙ ሥራውን ሠርቶ ወደ መጠበቁ መመለስ አለበት ብለን ነበር። ለአሥር ሰከንድ የሚተኛ ፈንክሽን ለአሥር ሰከንድ አልተመለሰም ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጠብቅ የለም፤ ማውሱን የሚያይ የለም፤ መስኮቱን እንደገና የሚስል እንኳ የለም።

መፍትሔው አፍተር የሚባለው ትእዛዝ ነው። «ከዚህን ያህል ጊዜ በኋላ ይህን ፈንክሽን ጥራልኝ» ብላችሁ ትሰጡትና ወዲያው ትመለሳላችሁ። ጊዜው በሚሊ ሰከንድ ነው፤ 1000 ማለት አንድ ሰከንድ። የውሰት መዝገቡ በየሰዓቱ የዘገየ ዕቃ ካለ እንዲያይ ከፈለጋችሁ በዚህ ነው የምትሠሩት። እንደ ትልቅ ፋይል ማውረድ ያለ በእውነት ረጅም ሥራ ሲመጣ ትሬድ፣ ማለትም ከዋናው ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ የሥራ መስመር፣ ያስፈልጋል። እሱን ስትማሩ አንድ ሕግ ያዙ፦ መስኮቱን የሚነካው ዋናው ትሬድ ብቻ ይሁን።

12. የሚሠራውን አትጡት

ፕሮግራሙ በሠራ ቁጥር ኮፒውን አስቀምጡ። ለመጀመሪያ ሳምንት ፎልደሩን ቀን ጽፎ ኮፒ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበውን ጊትን ተማሩ፤ ኮሚት ማድረግ፣ ማለትም ያለውን መመዝገብ፣ እና ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ብታውቁ እንኳ ያለ ፍርሃት ትሞክራላችሁ።

13. ጠቅልላችሁ ለሰው ስጡ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ፓይተን ለሌለው ሰው የሚሰጥ ፋይል ለመሥራት ፓይ ኢንስቶለር የሚባል መሣሪያ አለ። የፓይተን ተጨማሪ ፓኬጆችን በሚጭነው በፒፕ ይጫናል። ሁሉንም ነገር በአንድ ፋይል እንዲጠቀልልና ጥቁሩን ስክሪን እንዲደብቅ ማዘዝ ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን ጥቁሩ ስክሪን ሳይደበቅ ጠቅልላችሁ ሞክሩት። ከተደበቀ ኢረር ቢመጣ አታዩትም።

ዊንዶውስ ላይ የጠቀለላችሁት ለዊንዶውስ ብቻ ነው፤ ለማክ ማክ ላይ፣ ለሊኑክስ ሊኑክስ ላይ ይጠቀለላል። አንዳንድ አንቲ ቫይረስም እንዲህ የተጠቀለለ ፋይልን ያለ ጥፋቱ ሊጠረጥረው ይችላል። ለምትሰጡት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት።

የመረጃ ፋይሉን ከፕሮግራሙ ፎልደር አውጡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። በአንድ ፋይል የተጠቀለለ ፕሮግራም ሲከፈት ራሱን በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘረጋል፤ ሲዘጋ ያ ፎልደር ይጠፋል። ኮዳችሁ ካለበት ቦታ ጎን ሴቭ ታደርጉ ከነበረ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። እናንተ ኮምፒውተር ላይ በፓይተን ስታስነሱት ይሠራል፤ የተሰጠው ሰው ጋ ግን በየቀኑ ባዶ ሆኖ ይከፈታል። ሆም ፎልደር ውስጥ ያለ ፋይል አይነካም።

አሁን አንድ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡና ፕሮግራሙን ስጡት። «አንድ ዕቃ መዝግብ» በሉትና ዝም በሉ። አትጠቁሙ፤ አታስረዱ። የት እንደቆመ፣ ምን እንደፈለገ፣ የቱን በተን በስህተት እንደነካ በወረቀት ያዙ።

የእኔን የመጀመሪያ ፕሮግራም የሞከረችልኝ ጓደኛዬ ስሙን ጻፈች፣ ዕቃውን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈችና እንተር ተጫነች። ምንም አልሆነም። እሷ ፕሮግራሙን ትጠብቃለች፤ ፕሮግራሙ የበተኑን መነካት ይጠብቃል። በወራት ሥራዬ እንተር የሚጫን ሰው ይኖራል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ባይንድ በሚባለው ትእዛዝ የእንተርን ቁልፍ «መዝግብ» ከሚጠራው ከዚያው ፈንክሽን ጋር ታገናኛላችሁ። ባይንድ ፈንክሽኑን ሲጠራ ስለተነካው ቁልፍ መረጃ ይዞ ይመጣል፤ በተኑ ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ፈንክሽናችሁ ሁለቱንም እንዲቀበል ለዚያ መረጃ ነባሪ ዋጋ (ምንም ካልተሰጠ የሚያዝ ዋጋ) ያለው ቦታ ክፈቱለት፤ አለዚያ አንዱ ኢረር ያወጣል። ሲሠራ እንደገና ጠቅልሉትና ለዚያው ሰው መልሳችሁ ስጡት።